ስድስት ሳይክል

አቃቂ በሰቃ
ሐምሌ 6 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሐናን ከማለዲን፣ ፑኔ፣ ሕንድ አገር

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዲያው ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ትምህርቱስ ይገፋል? «የዚህ አገር ዝናብ ከኛ ሐምሌ ይብሳል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ የአቃቂን ጭቃ ረስተሽው ነው እንጂ እንዲህ አትይም ነበር። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ሰዓዳም ናፍቆቴን ንገርልኝ ብላለች።

ስልክ ስትደውዪ የማላወራሽ ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። ሰሞኑን በስልክ ማውራት አልሆነልኝም። የምፈልገውን ቃል እስካገኘው ያንቺ ሒሳብ ይሮጣል። በጽሑፍ ግን የጠፋኝን ቃል ሻዬን እየጠጣሁ እጠብቀዋለሁ፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሌላ ቃል ወኪል አድርጎ ይልካል።

ባለፈው ወር ከሳይክል ወድቄ ራሴን ተመትቼ ነበር። ትንሽ ሰፉኝ፤ ጸጉሬንም ላጩኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አምሮብሃል ይለኛል፤ ሰዓዳ ግን፣ ሚስቴ ሆና ሳለ፣ እስካሁን አስተያየት አልሰጠችም። አሁን ድኛለሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሌላው ወሬ ሳይክሎቹን ልሸጣቸው መሆኑ ነው። ስድስቱንም። ቀዮን የፋብሪካው ጥበቃ ያደታ ወሰደው፤ ጎራዳውና አባ ጸጥ በልም ገዢ አግኝተዋል። ደንባራ፣ ሽማግሌውና ሙሽሪት ቀርተውኛል። የሳይክል ኪራይ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ልጆቹ ውለው የሚያመሹት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አንቺ መድኃኒት ስለምትማሪ ታውቂው ይሆናል። ሐኪም ለሰው መድኃኒት ሲያዝ የሰውየውን ንብረት አስቀድሞ ያጣራል እንዴ? የምጠይቅሽ ለአንድ ጓደኛዬ ነው።

ስለ መውደቄ ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ ደም ግፊት እንዳለበት ታውቂያለሽ። አላህ ዕውቀትሽን ያብዛልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ኑሪ


ፑኔ
ነሐሴ 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ ኑሪ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ቤትዎን፣ እትዬ ሰዓዳንና ከበራፍዎ የማይጠፉትን ልጆች ሁሉ ይባርክልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ፈተና አልፌያለሁ፤ ምግቡንም ለምጄዋለሁ። እዚህ ከተማው ሁሉ በሳይክል ነው የሚሄደው፤ እኔም አንድ አሮጌ ገዝቼ ዩኒቨርሲቲ የምመላለሰው በሱ ነው። ፍሬኑ ሲይዝ ይጮሃል። ቢያዩት ያስተማርኩሽ ይህን ነው ወይ ብለው ያፍሩብኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጋሼ፣ አንቱ ከሳይክል አይወድቁም። ሌላው ሰው ይወድቃል፤ አንቱ አይወድቁም። በአንድ እጅዎ ራስዎ የሚነዱትን ይዘው፣ በሌላው እጅዎ ደንባራን እየጎተቱ በከባድ መኪና መካከል የአቃቂን ድልድይ ሲያልፉ ያየሁ ሰው ነኝ። እኔን ራሴን ያስተማሩኝ እዚያው አይደል? ኮርቻዬን ከኋላ ይዘው እየሮጡ፣ «ይዣለሁ፣ ይዣለሁ» እያሉ። ዞር ብዬ ሳይ ለካ ከድልድዩ ማዶ ቆመው ይስቃሉ። ስለለቀቁኝ አይደለም ያኮረፍኩት፣ ሳይነግሩኝ ስለለቀቁኝ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገርኩዎትም ነበር።

አሁንም እንደዚያ ልሆን ምንም አልቀረኝ። ጓደኛዎ ማን ነው? ጸጉሩን የተላጨ ጓደኛ ነው? ሐኪም የሰው ንብረት አያጣራም። ሐኪሙ ለጓደኛዎ ምን ብሎ እንደነገረው ቃል በቃል ይጻፉልኝ። ቃል ሲጠፋብዎ ሻይ ይጠጡና ይጠብቁት፤ ግን ይጻፉልኝ።

ለአባቴ አልነግረውም። ይህንንም ያልኩት እውነቱን እንዲነግሩኝ ብዬ ነው።

የእጅዎ ልጅ ሐናን


አቃቂ በሰቃ
ነሐሴ 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐናን

አሰላሙ ዐለይኩም። የረመዳን ወር ሰኞ ሳይገባ አይቀርም፤ ከወሩ በረከት አላህ ያድርሰን። ደብዳቤሽን ለሰዓዳ አነበብኩላት፤ «ይህች ልጅ ፖሊስ መሆን ነበረባት» አለች።

ከሳይክል ወድቄያለሁ ያልኩት ውሸት አይደለም። ደንባራን ጠግኜ ስሞክረው ቀኝ እጄ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም። ስነቃ የያደታ ጃኬት ከራሴ ሥር ተደርጎልኛል፤ ሰፈሩም ከቦኛል። ኋላ ራስ ቅሌን በማሽን ፎቶ አነሱትና በግራ በኩል ዕጢ አለ አሉኝ። ከፍተው አወጡት። ሁሉንም ግን አላወጡትም፤ ቃል የሚቀመጥበት ቦታ ስለሆነ ከዚህ በላይ ብንገፋ መናገር ያቅትዎታል አሉኝ። እንዲያውም የነኩት ትንሹም ሳይጎዳኝ አልቀረም። ትናንት «መፍቻ» የሚለው ቃል ጠፍቶኝ መፍቻውን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር።

የሚያክመኝ ዶክተር ፀሐዩ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው። ይህ ዕጢ ከክፉዎቹ ሻል ያለው ነው፤ መድኃኒት ይሰማል አለኝ። ሁለት መንገድ እንዳለም ነገረኝ። አንደኛው እዚሁ የሚገኝ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ሁለቱ ይዋጣሉ፣ አንዱ በደም ሥር ይገባል። እሱ ጣት ያደነዝዛል አለ። ሁለተኛው ካፕሱል ብቻ ነው፤ ግን እዚህ አይገኝም፣ ከውጭ መምጣት አለበት። ወዲያው ወረቀቱን እየሞላ ቀና ሳይል፣ «በየትኛውም ቢሄዱ ስድስት ሳይክል ያስፈልግዎታል» አለኝ።

ሐናንዬ፣ ስድስት እንዳለኝ ማን ነገረው? ሰዓዳን ጠረጠርኳት፤ ማለችልኝ። ኋላ ሳስበው ካርዴ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ «ሳይክል አከራይ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያ አይቶ ይሆናል። ግን ቁጥሩን እንዴት አወቀው? ሙሉ ንብረቴን እንዲህ ዓይኑን ሳያሽ የጠየቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። ፊቱ ደግሞ የሌባ ፊት አይደለም። እሺ ብዬ ወጣሁ፤ ስድስቱንም ሸጬ ስጨርስ እመለሳለሁ ብዬ። በክረምት ሳይክል የሚገዛ ጠፋና ቀጠሮዬ አለፈ፤ ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የሳይክሎቹ ነገር አይደለም። ሳይክል ይገዛል። ጣት አይገዛም። የከመነዳሪ ቀዳዳ በዓይን አይታይም፤ በጣት ተዳብሶ ነው የሚገኘው። የጎማው ሽቦ መወጠሩን የማውቀው ቆንጥጬው ነው። ሳይክሎቹን ከሰጠሁ፣ ጣቶቼም ከደነዘዙ፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ኑሪ ምን ይሠራል? ፈርቻለሁ ልጄ። ለሰዓዳ ይህን አልነገርኳትም፤ ደብዳቤሽን ስመልስ ብዕሩ አምልጦኝ ነው ላንቺ የጻፍኩት።

ዱዓ አድርጊልኝ።

አጎትሽ ኑሪ


ፑኔ
መስከረም 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ ኑሪ

ወዐለይኩሙ ሰላም። እንኳን ለአዲሱ ዓመትና ለረመዳን አደረሰዎ። አላህ ዓመቱን የጤና ያድርግልን፤ በየሶላቴ ሌላ ነገር አልለምንም።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። «ስድስት ሳይክል» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቀጥሎ ቀጠሮዬ አለፈ የሚለውን ሳነብ እንባዬ መጣ። ሮጬ ስልክ ቤት ሄድኩ። እትዬ ሰዓዳ አነሱና ስነግራቸው ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ አንቱን ጠርተው ሰደቡዎት። በስልኩ «እሺ፣ እሺ» ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ የአንቱን እሺ ግን ስለማውቀው በጽሑፍ እደግመዋለሁ።

ጋሼ፣ በሐኪሞች አፍ ሳይክል ማለት ዙር ነው። መድኃኒቱ ጥቂት ቀን ይወሰዳል፤ ከዚያ ሰውነት እንዲያገግም ይታረፋል። መውሰዱና ማረፉ አንድ ላይ አንድ ሳይክል ይባላል። ይህን ስድስት ጊዜ መድገም ነው ስድስት ሳይክል። ሰውየው የጠየቀዎት ጊዜና ትዕግሥት ነው። ደንባራን፣ ሽማግሌውንና ሙሽሪትን ከበራፍዎ እንዳያንቀሳቅሷቸው።

ስለ ሁለቱ መንገዶች መምህሬን ጠየቅኳት። ለአንቱ ዓይነት ዕጢ ሁለቱም ይሠራሉ፤ የትኛው ይበልጣል የሚለውን ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና እየተከራከሩበት ነው አለችኝ። ሦስቱ አብረው ከሚሰጡት ውስጥ ጣት የሚያደነዝዘው በደም ሥር የሚገባው ነው፤ ቪንክሪስቲን ይባላል። መድኃኒቱ ሲቆም ብዙ ሰው ላይ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ከሚዋጡት አንዱ ደግሞ ከአንዳንድ ምግብ ጋር ይጣላል፣ የቆየ አይብን የመሰለ ነገር ያስከለክላል። ካፕሱሉ ቴሞዞሎማይድ የሚባለው ነው። እሱም ቢሆን መልአክ አይደለም። ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የደም ሴሎችን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደምዎ በየጊዜው መመርመር አለበት። ጣትን ግን በአብዛኛው አይነካም።

እኔ ተማሪ ነኝ፤ የሚወስነው ዶክተር ፀሐዩ ነው። ግን ሄደው «የምሠራው በጣቴ ነው» ይበሉት። ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ካፕሱሉን ካዘዘልዎ ማዘዣውን ይላኩልኝ። እዚህ አገር ይመረታል፤ የሸጧቸው ሦስት ሳይክሎች ይበቁታል፤ የጎደለ ቢኖር የኔ ጉዳይ ነው።

ሲጀምሩ በባዶ ሆድ ይዋጣል። ማቅለሽለሹን የሚከላከለው ክኒን ይቀድማል። ካፕሱሉ አይከፈትም፣ አይሰበርም፤ ከአንቱ በቀር ሰው አይነካካው። ቢያስመልስዎ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይድገሙት። ጾሙን ሼኩን ይጠይቁ፤ ለታመመ ሰው አላህ አላጠበበም።

የጣትዎን ነገር ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። ሁለት ሆነን ብንፈራ ይሻላል።

ልጅዎ ሐናን


አቃቂ በሰቃ
ጥቅምት 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐናን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ የልብሽን ይሙላልሽ። አብሮሽ የሚማረው ሙንታሲር ዕቃውን በሰላም አደረሰልኝ። ምሳ ጋበዝነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሰዓዳ ስለሱ ብዙ ጥያቄ አላት፤ እኔ አላነሳም።

ዶክተር ፀሐዩ ጋ የሄድኩ ዕለት የሆነውን ልንገርሽ።

«የት ጠፉ?» አለኝ።

«ሳይክል እየሸጥኩ» አልኩት፤ ትርጉሙን ካንቺ ባውቀውም ልቀልድበት ፈልጌ።

«የምን ሳይክል?»

«ስድስት አላልከኝም እንዴ? ሦስቱን ሸጫለሁ፤ ሦስቱ ገዢ አጡ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እየሳቀ ነው ወይስ እያዘነ መለየት አቃተኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው ሳይክል አልልም፣ ዙር ነው የምለው» አለ። እኔም የጣቴን ነገር ነገርኩት። እጄን ተቀብሎ ገልብጦ አየው፤ የከመነዳሪ ማስቲሽ ገና አልለቀቀም ነበር። «በካፕሱሉ እንሂድ» አለኝ። ለካ መናገር ይህን ያህል ቀላል ኖሯል።

እንግዲህ ለየዙሩ የአንድ ሳይክል ስም ሰጠሁት። የመጀመሪያው ደንባራ ነው፤ እውነትም ጣለኝ። ጥፋቱ ግን የሰዓዳ ነው። «ይህን የመሰለ ኃይለኛ መድኃኒት እንዴት በባዶ ሆድ ይወሰዳል? ልትገድለኝ ነው!» ብላ፣ የሚሞተው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ደህና አድርጋ ገንፎ አበላችኝ። ገንፎውም ካፕሱሉም ተከታትለው ወጡ። ልደግመው ነበር፤ ያንቺ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝና ደወልኩ፤ ዶክተሩ «የዛሬው ቀርቷል፤ አይድገሙት፣ ነገ ይቀጥሉ» አለኝ። በማግስቱ እንዳዘዝሽው ሆዴን ባዶ አድርጌ ዋጥኩ። አቅለሸለሸኝ እንጂ አልወጣም። ሰዓዳ አሁን ራሷ ዘበኛ ሆናለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ዳቦ እንኳ ከፊቴ ታነሳለች።

ድካሙ ግን የጉድ ነው። ጎማው በተነፈሰ ሳይክል ዳገት እንደ መውጣት ነው። ሱቁ በራፍ ላይ ቁጭ ብዬ ልጆቹ ሲጋልቡ አያለሁ፤ ራሴ ሳይክል ላይ እንዳልወጣ ተከልክያለሁ፤ ያ መንቀጥቀጥ እንዳይደገም። ጣቶቼ ግን አሉ። ጠዋት ጠዋት ከመነዳሪ አውጥቼ እፈትናቸዋለሁ። ትናንት መርፌ የማታክል ቀዳዳ አገኘሁ፤ ደስ አለኝ።

አጎትሽ ኑሪ


ፑኔ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ ኑሪ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ በሰላም ያሰንብትዎ።

ጋሼ፣ ድምፅዎ ጠፋ። ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። በስልክ እትዬ ሰዓዳ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ይሉኛል። ጠዋት ደወልኩ፣ ተኝተዋል። ቀን ደወልኩ፣ ተኝተዋል። አንቱ እኮ ሰው ሲተኛ የሚነሱ ሰው ነበሩ።

አረፋን አገር ቤት ሄዱ? ወራቤ ደርሰው ከሆነ ምን እንደሚቀርብልዎ አውቃለሁ። ነጭ የደም ሴል በወረደ ጊዜ ጥሬ ሥጋ ክልክል ነው ብዬ በዚያ ደብዳቤ ጽፌልዎ ነበር። አልበላሁም ብለው ወላሂ ይበሉኝ። ዘመድ ሲያቀርብልዎ እምቢ ማለት እንደማይሆንልዎ ስለማውቅ ነው የምጨነቀው።

የሚቀጥለውን ዙር መድኃኒት ልኬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት በእግሬ ስሄድ የማስበው ይህንኑ ነው፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብዙ ያሳስባል።

አንድ መስመር ትበቃኛለች። ባይመችዎ እንኳ ያደታ ይጻፍልኝ።

ልጅዎ ሐናን


አቃቂ በሰቃ
ጥር 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐናን

አሰላሙ ዐለይኩም። ስላስጨነቅኩሽ አውፍ በዪኝ። አሁን የምጽፍልሽ ቁጭ ብዬ፣ በራሴ እጅ ነው፤ መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ።

ወላሂ አልበላሁም። አረፋን ወራቤ ነበርኩ። ክትፎው መጣ። እኔም «ለኔ በደንብ ይብሰልልኝ» አልኩ። የወለዱት ልጅ የካዳቸው ያህል ነው ያዩኝ። አባትሽ ከማለዲን «ስልጤ ሆነህ፣ በአረፋ፣ ክትፎ ልታበስል?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስቀር ሳቁን አቆመ። ያኔ ነገርኩት። ኮፍያዬንም አውልቄ ጠባሳውን አሳየሁት። ወንድሜ ብድግ ብሎ የራሱን ክትፎ ተሸክሞ ወጣና ድስት ላይ ጣደው። «እኔም የምበላው በስሎ ነው» አለ። ከዚያ አክስቶችሽም፣ ልጆቹም፣ ሁሉም አበሰሉ። ሐናንዬ፣ እንደዚያ ቀን የማይጥም ክትፎ በልቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ጠግቤ አላውቅም። የደም ግፊቱም አልተነሳበትም፤ ደብቄው የኖርኩት በከንቱ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ያልሽው ነጭ የደም ሴል ወርዶ ወርዶ ትኩሳት ያዘኝ። ሆስፒታል አስተኙኝ። ሰዓዳ ተኝቷል ያለችሽ እውነቷን ነው፤ የት እንደተኛሁ አልነገረችሽም እንጂ። እንዳትነግርሽ የለመንኳትም እኔ ነኝ፤ ፈተና ላይ ነሽ ብዬ።

እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ በቃኝ ብዬ ነበር። ሦስተኛው ዙር ይቅርብኝ አልኩት ዶክተሩን። መድኃኒቱ ከበሽታው ብሶብኛል አልኩት። ፀሐዩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «አቶ ኑሪ፣ ጎማ ሲተነፍስ ሳይክሉን ይጥሉታል?» አለኝ። የኔን ቋንቋ ተምሮብኛል! «ደምዎ እስኪመለስ እንጠብቃለን፤ መጠኑንም ዝቅ እናደርገዋለን። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም» አለ። ጠበቅን። ደሜም ቀስ እያለ ተመለሰ።

ሆስፒታል ያስገባኝ ሁለተኛው ዙር ሽማግሌው ነበር። ሦስተኛውን ሙሽሪት ብዬዋለሁ፤ እንደ ስሟ ለስላሳ ሆነችልኝ። ማቅለሽለሹ ቀንሷል። ሆድ ድርቀቱን ሰዓዳ በተልባ ትታገለዋለች። «መፍቻ» የሚለው ቃልም ተመልሶ መጥቷል፤ ሲመጣ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ጠራሁት። ለቀሩት ዙሮች የምሰጠው የተሸጡትን ስም ነው፤ ቀዮ፣ ጎራዳው፣ አባ ጸጥ በል።

አሁን ደግሞ እኔ ፖሊስ ልሁን። በእግሬ ስሄድ ብለሽ ጽፈሻል። ያ ፍሬኑ የሚጮህ ሳይክልሽ የት ሄደ?

አጎትሽ ኑሪ


ፑኔ
የካቲት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለጋሼ ኑሪ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ላደረገልን ሁሉ ምስጋና ይግባው። ደብዳቤዎን ይዤ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ስለ ክትፎው ሳነብ ደግሞ እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ። አባቴም ደውሎልኝ ነበር። «ጥሬ ሥጋ ትቻለሁ፤ ወንድሜ ሲድን አብሬው እጀምራለሁ» ብሎኛል። ሰውየው የምር ነው የያዘው።

በሦስተኛው ዙር ላለማቆምዎ እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። እትዬ ሰዓዳን ግን ተቀይሜያለሁ፤ ይንገሩልኝ። ከዛሬ ወዲያ ተኝቷል ሲሉኝ የት ብዬ እጠይቃለሁ።

ስለ ሳይክሌ ጠይቀዋል። ፍሬኑ ይጮህ ነበር ብዬዎታለሁ፤ ጩኸቱ ስለሰለቸኝ ለአንድ ተማሪ ሰጠሁት። በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው፤ እኛ ቤት የታመመ አንድ ሰው ይበቃናል።

እሺ፣ ውሸቴን ነው። ሸጥኩት። ካፕሱሉ ከገመትኩት ትንሽ ከፍ ያለ ሆኖብኝ ነው። ይህን አስመልክቶ አንዲት ቃል እንዳይጽፉልኝ፤ ከጻፉ አኮርፋለሁ፤ ሳኮርፍ ደግሞ ያውቁኛል።

ከአራተኛው በኋላ የቀሩት ሁለት ዙሮች በዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ። ትምህርቴን ነሐሴ ላይ እጨርሳለሁ። ኢንሻአላህ በመስከረም አቃቂ ነኝ። ራስዎን ዳግም ፎቶ ሲያነሱት ውጤቱን ጥሩም ቢሆን መጥፎም ቢሆን እኔ ከሰው እንዳልሰማው። ከአንቱ እጅ ይሁን።

ልጅዎ ሐናን


አቃቂ በሰቃ
ግንቦት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐናን ከማለዲን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ያስጀመረን አላህ አስጨረሰን፤ አልሐምዱሊላህ። እንዳዘዝሽኝ ከኔ እጅ ስሚው።

ስድስቱም ዙር አልቋል። ጎራዳው ትንሽ አጎሳቆለኝ፤ አባ ጸጥ በል ግን እንደ ስሙ መምጣቱም መሄዱም ሳይታወቅ አለፈ። ሰኞ ዕለት ፎቶውን ይዘን ዶክተሩ ጋ ገባን። ሰዓዳ እጄን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ እስኪገባ። የድሮውንና ያሁኑን ጎን ለጎን ሰቀለው። የቀረው ዕጢ አልጨመረም፤ አንሷል። እኔም በዓይኔ አየሁት፤ ማስቲሽ ጠብ ያለበት ቦታ የምታክል ናት።

«ይመለሳል ወይ?» አልኩት። አልዋሸኝም። «ሊመለስ ይችላል፤ ለብዙ ዓመት ላይመለስም ይችላል። በየሦስት ወሩ እያየነው እንኖራለን። ቢመለስም ገና ያልነካነው መንገድ አለን» አለኝ። እኔም «እንኖራለን» ያላትን ቃል ይዤ ወጣሁ።

ከመውጣታችን በፊት፣ «አቶ ኑሪ፣ ሰባተኛ ዙር አያስፈልግዎትም» አለ።

«ሰባተኛ ሳይክል ግን ያስፈልጋል» አልኩት። ደነገጠ፤ ጭንቅላቴ ዳግመኛ የተነካ መስሎት ነው። ሰዓዳ አስረዳችው።

እንዳልጽፍ ከልክለሽኛል፤ እኔም ስለ ሸጥሽው አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ስለ ሠራሁት ነው የምጽፈው። በእግሬ ስሄድ ያልሽውን ካነበብኩበት ከጥር ጀምሮ ደህና በዋልኩ ቀን ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስሠራ ቆየሁ። ዋናውን ብረት ያደታ ከፋብሪካው ተጥሎ የቆየውን አስፈቅዶ አመጣልኝ፤ እዚሁ በሰቃ በያጅ ቤት አስበየድነው። ካቴናው ከወራቤ ነው፤ አባትሽ ላከው። ፔዳሎቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም፤ አትይብኝ። የጎማዎቹን ሽቦ ግን አንድ በአንድ የወጠርኩት እኔ ነኝ፣ በነዚህ ጣቶች፣ ዓይኔን ጨፍኜ እየቆነጠጥኩ። ፍሬኑ አይጮህም። ልጆቹ ስም ልናወጣለት ብለው አስቸገሩኝ፤ ባለቤቱ ትምጣ ብዬ ከለከልኳቸው።

የኔን ነገር ደግሞ ስሚ። ዶክተሩ መንቀጥቀጡ ካልተመለሰ በመስከረም ሳይክል ላይ መውጣት ይፈቀድልዎታል ብሎኛል። ዓመት ከምናምን ሳልጋልብ ልቆይ ነው ማለት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መድኃኒቱን ያን ያህል አልፈራሁትም፤ ያን ቀን ግን ፈርቼዋለሁ። ሰውነቴ ዳግም ይክደኝ ይሆን እላለሁ። ለዚህ ነው ሰዓዳንም ያደታንም ትቼ አንቺን የምጠብቀው።

መስከረም ላይ ስትመጪ ድልድዩ ጋ እንሄዳለን። ደንባራን እኔ እይዛለሁ፤ የጣለኝ እሱ ስለሆነ በሱ ነው መጀመር ያለብኝ። አንቺ ኮርቻውን ከኋላ ትይዢልኝና ትሮጫለሽ። «ይዣለሁ፣ ይዣለሁ» በዪኝ።

ስትለቂኝ ግን እንዳትነግሪኝ።

አጎትሽ ኑሪ